ፊደል ያልቆጠረው ገበታ

መቼም በዚህ ግቢ ውስጥ ጣቱን ኪቦርድ ላይ ሳያሳርፍ የሚመረቅ ተማሪ የለም። የሕጉም፣ የእርሻውም፣ የታሪኩም ተማሪ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተኮልኩሎ፣ በሁለት ጣቱ እየጠቀጠቀ፣ «ኧረ ኤም የት ገባች?» እያለ ወረቀቱን ጽፎ ያስረክባል። ጎበዝ የተባለው በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፤ ደካማው ደግሞ ለጎበዙ ሻይ እየጋበዘ ያስጽፋል። ይኼን ሁሉ ሰዓት አብሮን የሚውለው ዕቃ ግን ከወዴት እንደመጣ፣ ማን እንዲህ አድርጎ እንደደረደረው፣ ያ ሁሉ ቁልፍ ስሙን ከየት እንዳገኘ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። የቤት ምሰሶን ማን «ለምን እዚህ ቆምክ?» ብሎ ይጠይቃል? እኔ ግን ለመጠየቅ የተገደድኩበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን ወደ በኋላ እናገራለሁ። መጀመሪያ ስለ ዕቃው።

ከላይኛው የፊደል መስመር ግራ ጫፍ ጀምሮ ያሉት ስድስት ፊደሎች ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ ናቸው። ሰው ሲያገጣጥማቸው «ኩዌርቲ» ይላቸዋል፤ የድርድሩም ስም ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ለምን በኤ፣ በቢ፣ በሲ አልተደረደረም? ነገሩ ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊት የተጀመረ ነው። ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ የሚባል፣ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ ከተማ የሚኖር አታሚና ጋዜጠኛ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1868 ለጽሕፈት መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። መኪናውን ሠርቶ ለገበያ ያበቃው ግን በጠመንጃ ሥራ የታወቀው የሬሚንግተን ኩባንያ ነው፤ ጊዜውም 1874 ነበር። ኩባንያው የልብስ ስፌት መኪናም ይሠራ ስለነበር ያ የመጀመሪያው የጽሕፈት መኪና አበባ የተሣለበት፣ መስመር ሲያልቅ ሠረገላው በእግር መርገጫ የሚመለስ፣ እንዲያው ሲያዩት ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ይመስል ነበር። የሚጽፈውም በትልልቁ ፊደል ብቻ ነው።

ታዲያ ስለ ድርድሩ ብዙ ሰው የሚያወራው ታሪክ አለ። በመኪናው ሆድ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል በብረት ክንድ ጫፍ ላይ ተቀርጾ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክንዶች ተከታትለው ሲነሡ ይጋጩና ይቆላለፋሉ። ስለዚህ ሾልስ አዘውትረው የሚከታተሉትን ፊደሎች አራራቃቸው ይባላል። አንዳንዱ እንዲያውም «ጸሐፊውን ሆን ብሎ ለማዘግየት ነው» ይላል። ይኼ የመጨረሻው ለእኔ አይዋጥልኝም። ኢ እና አር በእንግሊዝኛ ውስጥ እንደ መንታ ተያይዘው የሚሄዱ ፊደሎች ሆነው ሳለ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማራራቅ ከሆነ እነሱን ማን ረሳቸው? እ.ኤ.አ. በ2011 ኮይቺ ያሱኦካና ሞቶኮ ያሱኦካ የተባሉ ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ድርድሩን የቀረጸው የሞርስ ቴሌግራፍ ተቀባዮች የሥራ ልማድ ነው ብለው ተከራክረዋል። ማን እንደሚረታ አላውቅም ብል አላፍርም፤ አንድ ነገር ግን አያከራክርም። ድርድሩ የተወሰነው ለአንድ ቋንቋ፣ ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ዘመን ችግር ነው። የብረት ክንዱ ሙዚየም ገባ፤ ድርድሩ ግን እኛ ዶርም ድረስ መጣ። ኦገስት ድቮራክ የተባሉ ፕሮፌሰር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1936 ሌላ ድርድር አውጥተው፣ አናባቢዎቹን ሁሉ በመካከለኛው መስመር ከግራ እጅ ጣቶች ሥር አስቀምጠው መብት አግኝተውበት ነበር። ሰው ግን የለመደውን አልተወም። ጣት አንዴ ከለመደ ወዲያ መካሪ አይሰማም።

ወደ ቁልፎቹ ስንመጣ ደግሞ እያንዳንዳቸው የአሮጌ ዕቃ መቃብር ናቸው ማለት ይቻላል። ሺፍት ማለት ማዛወር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው ሁለተኛው የሬሚንግተን መኪና ትልቁንም ትንሹንም ፊደል በአንድ ክንድ ላይ አጣምሮ ያዘና፣ ቁልፉ ሲጫን ሠረገላው ራሱ ከቦታው ይዛወር ጀመር። ዛሬ የሚዛወር ሠረገላ የለም፤ የሚዛወረው ስሙ ብቻ ነው። ኢንተር ላይ ያለችው ወደ ታች ወርዳ ወደ ግራ የምትታጠፍ ቀስትስ? እሷም ሠረገላውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልሶ ወረቀቱን አንድ መስመር የሚያወጣው እጀታ ትዝታ ናት። ኮንትሮል ደግሞ ከቴሌፕሪንተር የመጣ ነው፤ ፊደል ከመጻፍ ይልቅ ለመኪናው ትእዛዝ ለመስጠት ነበር የሚያገለግለው። ኮንትሮልን ይዘህ ጂን ስትነካ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ባለው መኪና ላይ ደወል ይደወላል፤ ያን ጊዜ የተኛ ተረኛ ቢኖር ይነቃል ማለት ነው። ኢስኬፕን ያመጣው ቦብ ቤመር የተባለ የአይቢኤም ሠራተኛ ሲሆን ዘመኑ 1960 ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት በአንድነት የሚጫኑት ነገር ነው። ዴቪድ ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የአይቢኤም ፒሲ ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ነበር። በሥራ ላይ መኪናው ሲደርቅባቸው ኤሌክትሪኩን ከማጥፋት ይልቅ በአቋራጭ የሚያስነሣ ዘዴ አበጀ፤ ሰው በስሕተት እንዳይነካውም ሦስቱን ቁልፎች አራርቆ መረጣቸው፤ በአንድ እጅ እንዳይደረስባቸው ማለት ነው። ለራሳቸው ብሎ የሠራው ነገር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሆኖ አረፈው። ቆርጦ መለጠፍና መቅዳት የሚባለውን ልማድ ያስፋፋው ደግሞ ላሪ ቴስለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ በ2020 አረፈ። በሲና በቪ ብቻ ስንት የዚህ ግቢ ወረቀት እንደተጻፈ መምህራኖቻችን ሳያውቁ አይቀሩም፤ ስለዚህ ይኼን ርዕስ ቶሎ ልለፈው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ኤፍ እና ጄ ላይ ትንንሽ ጉብታ አለች። ሌባ ጣትህን እዚያ ላይ አሳርፍ የምትል ምልክት ናት፤ ከዚያ ወዲያ ስምንቱ ጣቶች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ አውራ ጣት ስፔስ ላይ ይቀራል፣ ዓይንም ነፃ ይወጣል። ስንቶቻችን ይችን ጉብታ የፋብሪካ እንከን ናት ብለን አልፈናታል!

ድርድሩን ሌሎች አገሮች እንዳለ አልዋጡትም። ፈረንሳዮች ኤን በኪው፣ ዜድን በደብልዩ ቦታ አድርገው «አዜርቲ» አሉት፤ ቁጥር ለመጻፍም ሺፍት መጫን አለባቸው፤ ለምን እንዲህ እንደመረጡ እግዜር ይወቀው። ጀርመኖች ዜድን አዘውትረው ስለሚጽፉ ዋይን ከቦታዋ አንሥተው ዜድን በቦታዋ አስገቡ። ቱርኮች ግን ከዚህ ሁሉ ርቀው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1928 ከዐረብ ፊደል ወደ ላቲን ፊደል ከተሻገሩ በኋላ ኢህሳን ስትኪ የነር የተባለ መምህር የገዛ ቋንቋውን ቃላት ተመልክቶ፣ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አስቆጥሮ፣ ብዙ የሚሠራውን ፊደል ለጠንካራው ጣት፣ ጥቂት የሚሠራውን ለደካማው ጣት አከፋፈለ። ድርድሩ በ1955 የአገሪቱ መደበኛ ሆነ። ዛሬ ቱርክ ውስጥ በኮምፒውተር ላይ የበዛው መልሶ ኩዌርቲው ነው አሉ፤ ይሁን። እኔን የገረመኝ ቁጭ ብሎ የራሱን ፊደል የቆጠረ ሰው መኖሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው ዓመት ሊጣል የወጣ አንድ ኪቦርድ ለምኜ ወሰድኩና ዶርም ውስጥ በካቻቢቴ ፈታሁት። መጀመሪያ የወጣው የዳቦ ፍርፋሪና የሰው ፀጉር ነው፤ የትኛው ባች እንደሆነ አላውቅም። ከሥሩ በየቁልፉ ልክ ኩባያ የምትመስል የጎማ ጉብታ አለች። ከእሷ በታች ሦስት ስስ የፕላስቲክ ወረቀቶች ተነባብረዋል፤ ላይኛውና ታችኛው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መስመር ተሥሏል፣ መካከለኛው ደግሞ በየቁልፉ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለው። ቁልፉ ሲጫን ላይኛው መስመር በቀዳዳው በኩል ታችኛውን ይነካል። ከጥግ ያለች አንዲት ትንሽ ቺፕ መስመሮቹን አግድምና ቁልቁል ያለማቋረጥ ትቃኛለች፤ ንክኪውን ስታገኝ ቦታውን ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። ምን ብላ? በቁጥር። በዩኤስቢ በሚገናኘው ሰሌዳ ላይ ኤ የተጻፈበት ቁልፍ የሚልከው 4 የሚል ቁጥር ነው። ፈረንሳይ አገር በዚያው ቦታ ያለው ቁልፍ ኪው ተጽፎበት ያንኑ 4 ይልካል። 4 ማለት ኤ ነው ወይስ ኪው ነው ብሎ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው።

ይኼን ሳውቅ ካቻቢቴውን ይዤ ጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ ሰሌዳው ፊደል አልቆጠረም! እንግሊዝኛም አያውቅ፣ ፈረንሳይኛም አያውቅ፣ አማርኛም አያውቅ። የሚያውቀው «ከላይ ሁለተኛው መስመር፣ ከግራ ሦስተኛው» ማለት ብቻ ነው። ቁልፉ ላይ የምናየው ፊደል ቀለም ነው። ኤም ያለው እሱ አይደለም፣ ቀቢው ነው። እንዲህ ከሆነ ሀ ብንቀባበትስ ማን ይከለክላል?

ማንም አይከለክልም፤ ብዛቱ ያስቸግራል እንጂ። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ እነ ፩ እና ፪፣ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ይበልጣል። ይኼ ጣጣ ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነው። ከኢጣልያ ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማውጣት የደከሙት ከዚህ ብዛት ጋር ሲታገሉ ነው። በኋላም በየመሥሪያ ቤቱ ያየናቸው መኪኖች ዘዴያቸው የፊደሉን አካል ለብቻ፣ ምልክቱን ለብቻ መምታት ነበር፤ ለ ተመትታ ከጎኗ ጭረት ስትለጠፍባት ሉ ትሆናለች ማለት ነው። ጭረቷ አንዳንዴ ትጣበቃለች፣ አንዳንዴ ራቅ ብላ እንደ ተኳረፈ ሰው ትቆማለች። «ፊደላችን በዝቷል፣ ይቀነስ፣ ይሻሻል» የሚለው የድሮ ክርክር ውስጥም ከማተሚያው ጋር ይቺ መኪና ነበረችበት። ሰው ለመኪና ሲባል ፊደሉን ለመቁረጥ ሲከራከር አስቡት! እግሩን ለጫማው እንደሚያስከረክም ሰው።

አሁን ምክንያቴን ልናገር። ያሳደገችኝ አክስቴ ታይፒስት ነበረች። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ የታይፕ ትምህርት ቤት ገባችና በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ተመረቀች። ከዚያ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ሃያ ዓመት ግድም ደብዳቤ ስትመታ ኖረች። ዓይኗን ከረቂቁ ሳትነቅል፣ ከጎኗ ካለችው ጓደኛዋ ጋር ስለ ሽሮ ዋጋ እያወራች፣ ጣቷ ለብቻው ይሄዳል። ስቴንስል ስትቀርጽ ሪባኑን ታነሣዋለች፤ ፊደሉ ሰሙን በስቶ ያልፋል፤ ከሳተች በቀይ ፈሳሽ ቀብታ፣ እፍ ብላ አድርቃ ትደግመዋለች። አለቆች ተለዋወጡ፣ እሷ ግን «እጇ የታመነ» እንደተባለች ነበረች።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ኮምፒውተር መጣ። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ክፋት አልነበረበትም ትላለች ራሷ። ግን መጀመሪያ የተናገረው «ለን ለመጻፍ ኤልን ትነካላችሁ» የሚል ነበር። አክስቴ «ኤል የቷ ናት?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። ላቲኑን ፈጽማ የማታውቀው ሆና አይደለም፤ ስሙን ከመልኩ፣ መልኩን ከቦታው እስክታገናኝ ድረስ ከጎኗ ያለችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ መስመር ትጨርሳለች። ሥልጠናው አለቀ፤ እሷም መዝገብ ቤት ተዛወረች። ደመወዟ አልተነካም፤ ጡረታ እስክትወጣ ፋይል ስታወጣና ስታገባ ቆየች። እንግዲህ ሺፍት ማለት ይኼም ነው።

ይኼን ታሪክ ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ የምሰማው «እንግሊዝኛ ተማር» ለሚለው ምክር ማስረጃ ሆኖ ነበር። ኪቦርዱን ከፈታሁ በኋላ ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። ሴትዮዋ የተጠየቀችው አማርኛ እንድትጽፍ ነው። አማርኛ ታውቃለች፤ ፊደሉንም መጻፉንም ከአሠልጣኙ ይልቅ ታውቃለች። ከሥራዋ ያስነሣት ቀለም ነው።

ይኼን ስል የአማርኛን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማውጣት የደከሙትን ማማረሬ አይደለም፤ ድካማቸው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እነ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አጥላው፣ ከዚያም ወዲህ አገር ቤት ሌሎች፣ ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ከነመኖሩም በማያውቅበት ጊዜ ነው የሠሩት። ያኔ ለአንድ ፊደል የተመደበው ቦታ 256 ቁጥር ብቻ የሚይዝ በመሆኑ በላቲኑ ቁጥር ላይ የአማርኛ ሥዕል ይለጥፉ ነበር፤ አልበቃ ሲል ፊደሉን ለሁለት ከፍለው በሁለት ፎንት ያስቀምጡታል። ያንኑ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው የሚወጣው የጥያቄ ምልክትና የቁጥር ሠርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ለፊደላችን 384 ቦታ ተከለለለት፤ ሀ 4608 የሚል የራሷን ቁጥር ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በላይዋ አይቀባባትም። ስለዚህ ፊደሉ ቤት አገኘ። በሩ ግን አሁንም በላቲን በኩል ነው።

በሩ እንዴት እንደሚከፈት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን እንደ አዲስ ተመልከቱት። ኤልን ብቻ ስትነካ ል ይወጣል። ኤልና ኢ ሲሆን ለ፣ ኤልና ዩ ሲሆን ሉ፣ ኤልና አይ ሲሆን ሊ፣ ኤልና ኤ ሲሆን ላ። ሺፍት ይዘህ ቲን ስትነካ ጥ፣ ሺፍት ይዘህ ሲን ስትነካ ጭ። «ኢትዮጵያ» ብለህ ለመጻፍ አይ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ኦ፣ ከሺፍት ጋር ፒ፣ ዋይ፣ ኤ፤ ለአምስት ፊደል ስምንት መንካት። ዘዴው ብልሃት አለው፤ ሳድሱ በጽሑፋችን ውስጥ በጣም ስለሚመላለስ ያለ አናባቢ በአንድ ንክኪ መውጣቱ ጣት ያሳርፋል። ነገር ግን ይኼ እንግሊዝኛ ለተማረ ጭንቅላት የተሠራ ብልሃት ነው። በፊደል ገበታው ላይ መነሻው ግዕዙ ነው፤ ለ ናት እናቲቱ፤ ል ስድስተኛ ልጅ ነው። እዚህ ግን ል መነሻ ሆኖ ለ ከእሱ ትወለዳለች።

ሌላም አለ። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች እሳቱ ሰ በአንድ ኤስ ሲወጣ ንጉሡ ሠ ኤስን መድገም ይፈልጋል፤ ብዙኃኑ ኀ ኤችን መድገም፣ ፀሐዩ ፀ ከሺፍት ጋር መድገም ይፈልጋል። ውጤቱን በየወረቀታችን ታዩታላችሁ፤ «ሥራ» ስራ፣ «ኅዳር» ህዳር ሆኖ ቀረ። ሞክሼ ፊደሎች ይቅሩ ወይስ ይቆዩ የሚለው የሊቃውንት ክርክር ነው፤ እኔ የትኛውም ወገን አይደለሁም። የማይዋጥልኝ ክርክሩ ሳያልቅ የጣት ስንፍና ፍርዱን መስጠቱ ነው። አራት ነጥብንም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየቀጠቀጥን የምንተካው ሞልተናል፤ ለዓይን ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አራት ነጥብን ፈልግ ቢሉት አያገኘውም።

ከእኛም ከተማሪዎቹ የባሰ አለ። በስልካችን ስንጻጻፍ ጭራሹን ፊደሉን ትተን አማርኛን በላቲን እንጽፋለን። «ይፈጥናል» እንላለን። ገናን ከጌና፣ በላን ከበለ የማይለይ ጽሑፍ ምን ፍጥነት አለው? አንባቢው ሦስት ጊዜ ይመለስበታል። ደግሞ ስልኩ ከኪቦርዱ ይልቅ ሰበብ የለውም። ቁልፉ መስታወት ላይ የተሣለ ስለሆነ ቀለሙ በፈለጉት ጊዜ ይለወጣል፤ ፊደሉ በራሱ መልክ የተደረደረበት ገበታ አለ፤ ለን ስትነካ ቤተሰቧ ተሰልፎ ይወጣል። አክስቴ በስልክ የምትጽፈው በእሱ ነው፤ ያውም ከእኔ ፈጥና።

ኮምፒውተሩ ነበር የቀራት። የሰፈራችን የሴቶች እድር ጸሐፊ አድርጎ መርጧታል። ማስታወቂያና ቃለ ጉባኤ ለማስጻፍ በገጽ እየከፈለች ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ትመላለሳለች። ክረምት ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ይዤ ቤት ስገባ «እኔ ታይፒስት ሆኜ ለታይፕ ልክፈል? እስቲ ይኼን ነገር አሳየኝ» አለችኝ። ቀጥሎም ጠየቀችኝ፤ «ግን ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የደረደረው?» ይኼን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

መልሱን ይዤ በሁለተኛው ዕረፍት ስመለስ ነጭ ፕላስተር ገዛሁ። በትንንሹ ቆርጠን በየቁልፉ ላይ ለጠፍን፤ ፊደሉን እሷ በራሷ እጅ ጻፈችው፣ ኤል ላይ ለ፣ ኤም ላይ መ። ጥግ ጥግ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ሺፍት ሲጫን የሚወጣውን። አናባቢዎቹን ምን እንበላቸው ስላት ጥቂት አሰበችና ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ ብላ ጻፈችባቸው። ዩ ካዕብ ሆነች፣ አይ ሣልስ ሆነች። ኢ ላይ ግዕዝ ስትጽፍ «መነሻውን ለምን እጨምራለሁ? ካለው ላይ?» ብላ ተቆጣች። ሳድሱ ለምን እንደቀደመ አስረዳኋት። «እሺ፣ ከልጁ ተነሥቶ ወደ እናቱ ይሄዳል በለኛ። የድሮዋም መኪና አካሉን ትመታና ምልክቱን ትጨምርበት ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ጀርባዋን ቀጥ አደረገች፤ የእጅ አንጓዋን አነሣች፤ ሁለቱን ጉብታዎች በሌባ ጣቶቿ ፈልጋ አገኘች። ስለ ጉብታዎቹ ገና አልነገርኳትም ነበር።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ ግማሽ ገጽ ሲሆን ከምሳ በኋላ ተጀምሮ መብራት ሲበራ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ፕላስተሩን ማየት ቀነሰች፤ በሳምንቱ ከጎረቤት ጋር እያወራች ትጽፍ ጀመር። ማተሚያ ስለሌለን በፍላሽ ይዤላት ያው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ከፍታ አነበበችውና ቀና አለች።

«ማን ነው የጻፈው? ኅዳርን በብዙኃኑ ኀ፣ ሥራን በንጉሡ ሠ…»

«የእድሩ ጸሐፊ ናት» አልኳት።

«እኔ እኮ ስድስት ዓመት ስጽፍ ይቺ ኅ የት እንዳለች አላውቅም። እስቲ አሳየኝ።»

ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ኤችን ሁለት ጊዜ ነክቼ አሳየኋት።